ሰሙ በስንት ዲግሪ ቀለጠ?

(በገነተ ማርያም፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ሰም ጥራት የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ማር ብዙ ይባላል። የላስታ ነጭ ማር ስሙ በራሱ ይናገራል፤ የቅዱስ ላሊበላና የንቦቹ ታሪክም በዚህ አገር ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ነውና ዛሬ አይደገምም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ማሩ ከተጣራ በኋላ በከረጢት ተቋጥሮ ጥግ የሚጣለው ሰም ነው። ከሰሙም ነገር አንዱ ብቻ፣ ማለትም በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚቀልጥ።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ዩኒየን ሰም ከአባላት ተረክቦ፣ አቅልጦና አንድ ላይ ደባልቆ የሚሸጥ ወይም አትሞ ለቀፎ የሚመልስ ከሆነ፣ የአባላቱ ገንዘብና የንቦቻቸው ጤና በዚህች ቁጥር ላይ ይወድቃል። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ከዚህ ወርዶ የሚቀልጥ ነገር ከነሐዋሳው ቢሸትም፣ ቢጫ ቢሆንም፣ ውስጡ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሰም ለዚህ አካባቢ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአንድ ቋጥኝ እንደተፈለፈለች የሚነገርላት የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ጧፍ ይበራባታል። ጧፍ ደግሞ የጥጥ ፈትልና የንብ ሰም ነው። መስቀል የሚያወጡ አንጥረኞችም ሰምን ያውቁታል፤ ቅርጹን በሰም ሠርተው፣ በጭቃ ለብጠው፣ በእሳት ሰሙን አፍስሰው በቦታው ማዕድን ያገባሉ። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉትም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። በመለኪያ ሲታይ ደግሞ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ነው፤ ሰም በ64 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 1,000 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ነው ሰሙ ቀድሞ ወጥቶ ለወርቁ ቦታ የሚለቀው።

ታዲያ ዛሬ ስለ ሰም መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ እንጀራው ከነማሩ ይወጣል፤ ከማሩ ክብደት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሰም ይገኝበታል። በዘመናዊው ቀፎ ግን እንጀራው ማሩ ከተጠመዘዘ በኋላ ወደ ቀፎው ይመለሳል፤ የሚገኘው ሰም ከግማሽ እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ዘመናዊ ቀፎ ለየፍሬሙ የታተመ ሰም ይፈልጋል። ስለዚህ ዘመናዊ ቀፎ በተስፋፋ ቁጥር ሰም የሚሰጠው ቀፎ ይቀንሳል፣ ሰም የሚበላው ቀፎ ይበዛል። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ የተሠራጨው ቀፎ ብዛት ይጻፋል፤ ለዚያ ሁሉ ፍሬም ሰሙ ከየት እንደመጣ የሚጽፍ ሪፖርት ግን እምብዛም አይታይም። ባይጻፍም ጥያቄው አለ። ክፍተቱን የሚሞላው ደግሞ ከጠጅ ቤት የሚሰበሰበው ሰፈፍና ከዚያ ላይ የሚጨመረው ነገር ነው።

የሚጨመረው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞራ ነው፤ የቆየና በየቤቱ የሚገኝ። ሁለተኛው ፓራፊን ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣና የሱቅ ሻማ የሚሠራበት። ሦስተኛው ስቴሪን የሚባለው ከእንስሳት ስብ ወይም ከዘንባባ ዘይት የሚሠራ የሰባ አሲድ ነው። ሦስቱም ከንብ ሰም ይረክሳሉ። ንብ 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች ተብሎ ይገመታል፤ ከዚህ የረከሰ ነገር ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ጉዳቱ በገበያ ላይ ብቻ አይቆምም። ንቦች እጫቸው ያለበትን ቦታ በ34 እና በ35 ዲግሪ ገደማ ይጠብቁታል። ንጹሕ ሰም በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል እንጂ ሸክሙን ይችላል። ሞራ የገባበት ግን ማር ሲሞላበት ይዝላል፣ ይረግፋል፤ እንጀራው ወደ ቀፎው ወለል ከወረደ በኋላ ንቦቹ መሰደዳቸው አያስገርምም። ስቴሪን ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቤልጅየም ንብ አናቢዎች በገበያ የገዙትን የታተመ ሰም ቀፏቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ እጮቻቸው በብዛት ሞቱ፤ ሰሙ ሲመረመር ስቴሪን ተቀላቅሎበት ተገኘ። እነዚያ አናቢዎች በላቦራቶሪ የተሞላ አገር ውስጥ ነበሩ። ሰሙን ቀፎ ውስጥ ከማግባታቸው በፊት የለካው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ልኬቱ። አንድ ንጹሕ ነገር የሚቀልጥበት ሙቀት የራሱ ነው። በረዶ በ0 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የትም ቢወሰድ፣ ማንም ቢለካው። ባዕድ ነገር ሲገባበት ግን ሁለት ለውጥ ይታያል። መቅለጫው ይወርዳል፣ ደግሞም በአንድ ጊዜ ከመቅለጥ ይልቅ ቀስ በቀስ እየሟሟ ይሄዳል። ስቴሪን ራሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት ዋና አሲዶች ለየብቻቸው ሲለኩ አንዱ በ63፣ ሌላው በ69 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ሲደባለቁ ግን የሁለቱ አማካይ አይወጣም፤ በ55 አካባቢ ይቀልጣሉ፣ ከሁለቱም በታች። እንግዶቹ ቅንጣቶች ተደርድረው አጥብቀው እንዳይያያዙ አንዱ ሌላውን ስለሚያውክ ነው።

የንብ ሰም እንደ በረዶ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከ300 በላይ ውህዶች አሉበት። ስለዚህ አንዲት ነጥብ ሳይሆን ከ62 እስከ 65 የምትል ጠባብ ወሰን ተሰጠችው። ንብ ግን ድርሻውን ጠብቃ ነው የምትሠራው፤ ከገነተ ማርያም የወጣ ሰምና ከሌላ አገር የወጣ ሰም በዚያችው ወሰን ውስጥ ይገናኛሉ። ፓራፊን እንደ አሠራሩ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ባለው፣ ሞራ ከ40 እስከ 50 ባለው ይቀልጣል።

አለካኩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ አባል ሰም ከላይም ከውስጥም ትንሽ ትንሽ ይፈረፈርና በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ቀለሙ ይጠቁራል፤ በብረት ድስት ከቀለጠም እንዲሁ ይጠቁራልና አልሙኒየም ወይም የማይዝግ ዕቃ ይሻላል። ከዚያ ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ፣ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀጭን የመስታወት ቱቦ በቀለጠው ሰም ውስጥ ይነከራል። ሰሙ ራሱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሳባል። ቱቦው ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ ያድራል። አዲስ የረጋ ሰም ገና አልተደላደለምና ወዲያው ቢለካ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። በቆላ አገር ለዚህ ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ በላስታ ደጋ የኅዳር ሌሊት ይበቃል።

በማግሥቱ ቱቦው ከቴርሞሜትሩ ጋር በክር ይታሰራል፤ ሰሙ ከቴርሞሜትሩ ጫፍ ጎን ለጎን መሆን አለበት። ሁለቱ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ወርደው፣ ውኃው እየተማሰለ ቀስ ብሎ ይሞቃል። እስከ 57 ዲግሪ ድረስ ትንሽ ማፍጠን ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን በደቂቃ ከ1 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም። ሰሙ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ያበራል፤ ከዚያ ድንገት ሸርተት ብሎ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። የሸሸበት ቅጽበት የታየው ዲግሪ ይጻፋል። ሥራው በሦስት ቱቦ ሦስት ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይወሰዳል። እሳቱን ያቀጣጠለና የቸኮለ ሰው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይሳሳታል፤ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ደግሞ እዚህ ላይ በንጹሕና በቅይጥ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ስለ ቴርሞሜትሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጤና ኬላ የሚገኘው የትኩሳት መለኪያ 42 ላይ ያበቃልና አይሆንም። ሜርኩሪ ያለበትም ማርና ሰም ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል፤ ሲሰበር መርዝ ነው። እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ፣ ቀይ አልኮል ያለበት የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር በቂ ነው። ከሥራ በፊት ይፈተናል፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሲገባ 0 ማሳየት አለበት። በሚፈላ ውኃ ሲፈተን ግን ጥንቃቄ አለ። የትምህርት መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ያ በባሕር ጠለል ነው። የላሊበላ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም 8 ዲግሪ ጨምሮ እያነበበ ቅይጡን ሰም ንጹሕ ነው ብሎ ይቀበላል። መፍላት በአየር ግፊት ይለወጣል፤ መቅለጥ ግን በከፍታ የሚለወጠው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው። ስለዚህ ከ62 እስከ 65 የሚለው ወሰን ለጅቡቲ ወደብም ለላስታ ተራራም አንድ ነው።

እዚህ ላይ ልኬቱ የማይችለውን ነገር በግልጽ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ አለዚያ ዩኒየኑ በአንዲት ቴርሞሜትር ተማምኖ ይታለላል። ሰሙ በ57 ቀለጠ ከተባለና ልኬቱ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ፍርዱ ያለቀ ነው፣ ቅይጥ ነው። በ64 ቀለጠ ከተባለ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ62 ወይም በ64 የሚቀልጥ ፓራፊን በገበያ አለ። ሥራውን የሚያውቅ አጭበርባሪ ይህንኑ መርጦ ይገዛል። ይባስ ብሎ የፓራፊን ዘመዶች የሆኑ ውህዶች በንጹሕ ሰም ውስጥም በተፈጥሮ ስላሉ ሁለቱ ሲደባለቁ ብዙም አይጣሉም። ስለዚህ የመቅለጫ ልኬት ጥፋተኛውን ሊይዝ ይችላል፤ ንጹሑን ግን ብቻውን አይመሰክርለትም።

ለዚህ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ እሱም ክብደት ነው። የንብ ሰም ከውኃ ጥቂት ይቀላል፣ ፓራፊንና ሞራ ደግሞ ከሰም የበለጠ ይቀላሉ። ውኃ ላይ ሁሉም ስለሚንሳፈፉ ልዩነቱ አይታይም። በአልኮልና በውኃ ቅልቅል ላይ ግን ይታያል፤ ለዚያ ሥራ ደህና የወጣ አረቄ ይበቃል። ንጹሕነቱ የታወቀ፣ አየር ያልቋጠረ የሰም ቁራጭ አረቄው ውስጥ ይጣላል፤ ከሰጠመ ቁራጩ መካከል ላይ ተንጠልጥሎ እስኪቆም ድረስ ውኃ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ የሚጠረጠረው ቁራጭ ይገባል። ፓራፊን ወይም ሞራ የበዛበት ሽቅብ ይወጣል። (ለልኬት የዋለው አረቄ ከዚያ በኋላ እንዳይጠጣ መቆጣጠር የቁጥጥር ኮሚቴው ፈንታ ነው።) የድሮ ማር ነጋዴዎች ሰሙን ሰብረው ስብራቱን የሚያዩትና የሚያሸቱትም ከንቱ አልነበረም፤ ንጹሕ ሰም ሲሰበር ፍርክርክ ያለ ገጽ ያሳያል፣ ሞራ ያለበት ደግሞ ይሸታል። ዓይንና አፍንጫ ግን ክርክር አይዘጉም፤ አንዱ ሸተተኝ፣ ሌላው አልሸተተኝም ይላል። ቁጥር ላይ ሲደረስ ነገሩ ይቀላል።

በሁለቱም ካለፈ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በዚያ ሰሙ በአልኮልና በፖታሽ ፈልቶ ሲበርድ ይታያል፤ ንጹሕ ሰም የሰጠው ፈሳሽ ከ65 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አይደፈርስም፣ ፓራፊን ያለበት ግን ገና ከዚያ በላይ ሳለ ይደፈርሳል። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል በዚህ ጉዳይ ቆየት ያለ ልምድ አለው። ተመራማሪው ኑሩ አድጋባ የኢትዮጵያን ሰም ፊዚካዊና ኬሚካዊ ባሕርይና ቅይጥነቱ የሚለይበትን መንገድ ያጠናበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። መንገዱ ተጠርጓል፤ የቀረው መሄድ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ፣ ይህ ልኬት መቼ ይደረግ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሰሙ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቀልጦና ተጣርቶ፣ ሊሸጥ ሲል ናሙና ይወሰድ ተብሎ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። 40 አባላት እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ሰም አመጡ እንበል፤ 200 ኪሎ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ግማሹን ፓራፊን አድርገውታል እንበል፤ በጠቅላላው 5 ኪሎ ፓራፊን ገባ፣ ከመቶ ሁለት ተኩል። ይህ ሁሉ በአንድ በርሜል ከቀለጠ በኋላ ቴርሞሜትሩ ምንም አይናገርም፣ አረቄውም አይናገርም። የገዢው ላቦራቶሪ ግን በረቀቀ መሣሪያ ሊያገኘው ይችላል፤ ካገኘውም 200 ኪሎው በሙሉ ቅይጥ ተብሎ ዋጋው ይወድቃል ወይም ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለቱን የሚለያቸው የለም። 38ቱ ንጹሕ ያመጡ አባላት ለሁለቱ ዕዳ ይከፍላሉ፤ ኪሳራውም በትርፍ ክፍፍል ላይ እኩል ይደርሳቸዋል። ሰሙ ከመደባለቁ በፊት በየአባሉ ቢለካ ግን ግማሹ ርካሽ ፓራፊን የሆነ ቁራጭ በቴርሞሜትር ካልተያዘ በአረቄው ይያዛል።

ስለዚህ ልኬቱ የሚገባው በመሠረታዊ ማኅበሩ መረከቢያ፣ ሚዛኑ ባለበት ነው። ሚዛን ኪሎውን፣ ቴርሞሜትር ዓይነቱን ይናገራል። ቴርሞሜትርና ቱቦ ለመግዛት ለጊዜው በጀት ካልተገኘም በየከተማው ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሁለቱንም ሊኖረው ይችላል፤ የወረዳው አመራርም የትምህርትና የግብርና ጽሕፈት ቤቶችን በዚህ ጉዳይ ቢያገናኝ ከአንድ ደብዳቤ ያለፈ ወጪ የለውም። ለተማሪዎቹም ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የኬሚስትሪ ትምህርት ይሆናል።

ልኬት በር እንደሚከፍት የማሩ ታሪክ ያሳያል። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትገባ ማሯ በዚያ ዓመት አልጣፈጠም፤ የጣፈጠው ከጥንት ነው። የተለወጠው በማሩ ውስጥ ያለውን ቅሪት የሚከታተል ዕቅድ ቀርቦ ተቀባይነት ማግኘቱ ነበር።

አንዳንድ አባላት፣ ሰማችንን መለካት ሌባ ማለት አይደለም ወይ ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። ቁጣው የሚገባ ነው፤ ብዙው ሰው ሰፈፉን ከጠጅ ቤት ገዝቶ ነው የሚያመጣው፣ ውስጡ ያለውን ራሱም አያውቅም። ስለሆነም መጀመሪያ ጊዜ ከ62 በታች የወጣ ሰም ቅጣት ሳይሆን ጥያቄ ቢከተለው ይሻላል፤ ከማን ተገዛ፣ መቼ ተገዛ። ሰሙ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ለጧፍም ሆነ ለታተመ ሰም አይውልም። በሁለተኛው ጊዜ የሚሆነውን ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ ቢወስን ይመረጣል፤ ሰው ከተያዘ በኋላ የሚወጣ ደንብ በዘመድ ይጠመዘዛል።

ሌላም መረሳት የሌለበት አለ። ለካው ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ከእያንዳንዱ ሰም የግጥሚያ ሣጥን የምታህል ቁራጭ ትቀራለች። በወረቀት ትጠቀለላለች፤ የአባሉ መለያ ቁጥር፣ የተረከበበት ቀንና የቀለጠበት ዲግሪ ይጻፍባታል፤ አባሉና ተረካቢው ይፈርሙባታል። ሰሙ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪከፋፈል ድረስም ከማኅበሩ ሣጥን አትወጣም።